የቋራ ሸክላ፣ የገዳሪፍ ብረት

ስለ መተማ የተጻፈ ታሪክ አብዛኛው ከመጋቢት 1881 ዓ.ም. ይነሣል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁበት ምድር ነውና አይገርምም፤ ከተማችንም መተማ ዮሐንስ ተብላ የምትጠራው በእሳቸው ስም ነው። እኔ ግን ያደግሁት ምግብ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ለነጋዴና ለሾፌር ታበስል ነበር፤ እኔ ደግሞ ምጣድ፣ ድስትና የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ። ስለዚህ ይህን የሱዳን ድንበር የማውቀው በምድጃው በኩል ነው። በዚያ በኩል ሲታይ ጦርነቱ የማይነግረን ብዙ ታሪክ አለ። በዚህ ቆላ ጥሩ ዕቃ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁ የነበሩት ስንንቃቸው የኖርናቸው ሰዎች ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

መንገዱ ከከተማው ይቀድማል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ቀዳማዊ ኢያሱን ሊያክም በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ከስናር ተነሥቶ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1772 እ.ኤ.አ. ወደ ስናር ሲሻገር ያለፈው በዚሁ ቆላ፣ ያን ጊዜ ራስ አል ፊል ይባል በነበረው አገር ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ የወጡ ተክሩሮች እዚህ ሰፍረው ገበያውን አደመቁት። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ያገኘው ይህንኑ የተክሩሮች መተማ ነበር። ከደጋ ቡና፣ ሰም፣ ማርና በቅሎ ይወርዳል፤ ሰውም ለባርነት ይሸጥ ነበር፣ ይህም አይደበቅም። ከሱዳን በኩል ጨርቅ፣ ዶቃና የማርያ ቴሬዛ ብር ይመጣል። የደጋው ጭነት በበቅሎና በአህያ ደርሶ እዚህ ወደ ግመል ይዛወራል። ጭነት ሲዛወር ነጋዴው መሰንበቱ አይቀርም፤ የሰነበተ ሰው ደግሞ እራት ይፈልጋል።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ድንበሩን ሲዋዋሉ ትንሿ ወንዝ ሁለት ከተማ አደረገችን፤ ወዲህ መተማ፣ ወዲያ ገላባት። ወረቀቱ አገር ለየ እንጂ ማጀት አልለየም። እናቴ ሁለት ምጣድ ነበራት፤ አንዱ የሸክላ፣ አንዱ የብረት። ሁለቱ ምጣዶች የተሠሩበትን ምክንያት የተረዳ ሰው የዚህን አገር ምግብ ግማሹን ተረዳ ማለት ነው።

የሸክላው ምጣድ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ለመጋል ይዘገያል። አንዴ ከጋለ ግን እሳቱ ቢቀንስም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፣ ከዳር እስከ ዳርም ያስተካክለዋል። ሊጡ ከዳር ወደ መሃል ይዞራል፤ ዓይን ማውጣት ሲጀምር አክንባሎ ይደፋበታል፤ የላይኛው ገጽ የሚበስለው በታፈነው እንፋሎት ነው። ምጣዱ ስስ ቢሆን ኖሮ ቀዝቃዛ ሊጥ ሲያርፍበት ሙቀቱ ይወድቅና እንጀራው ይጣበቃል።

የብረቱ፣ ሱዳኖች ሳጅ የሚሉት፣ ለክስራ ነው። ክስራ የሚጋገረው ከቦካ የማሽላ ሊጥ ነው፤ ሊጡ መሃል ላይ ይፈስስና ገርገሪባ በሚባል የዘንባባ ቅጠል ቁራጭ እየተገፋ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይዘረጋል። አክንባሎ የለውም፣ ዓይን አይጠበቅበትም፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ይነሣል። ቀድሞ ይህም ዶካ በሚባል ሸክላ ላይ ይጋገር ነበር፤ ብረት ሲገኝ ግን ክስራ በብረት ይሻላል ተባለ፤ ስስ ሊጥ የሚፈልገው ፈጣን እሳት ነውና። ጤፍ በዚያ ብረት ላይ ቢፈስስ ሥሩ ያርራል፣ ላዩ ጥሬ ይቀራል። ገዢ መጥቶ «የትኛው ነው ጥሩው?» ሲለኝ «ምን ልትጋግሪበት ነው?» ብዬ የምመልሰው ለዚህ ነው። በቆላችን የሚበቅለው ማሽላ ነው፤ ጤፍ ከደጋ ይመጣል። የማሽላ እንጀራ ደግሞ ጠዋት ለስላሳ ሆኖ ማታ ይደርቃል። እናቴ ለደገኛው ጤፍና ማሽላ ቀላቅላ በሸክላው፣ ለሱዳን ሾፌሮች ክስራ በብረቱ ትጋግር ነበር፤ በአንድ ምጣድ ሁለቱንም እንድትሠራ ማንም አስገድዶ አላሳመናትም።

ብረቱን ከሱዳኗ ከተማ ከገዳሪፍ ነጋዴ እንገዛው ነበር። ሸክላው የራሱ ታሪክ አለው።

የመተማ ቆላ ጥቁር ዋልካ አፈር ለማሽላ፣ ለጥጥና ለሰሊጥ ተባርኳል፤ ለምጣድ ግን አይሆንም። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ሰው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሸክላ ሠሪ አፈሯን ከኮረብታ ሥር ፈልጋ፣ ቀምሳና አሽታ ነው የምታመጣው። አሮጌ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች፤ ገሉ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይኮማተር፣ እሳት ሲነካውም እንዳይፈነዳ ይይዘዋል። ከዚያ ያለ ምንም መንኮራኩር በእጅ ታንጸዋለች፣ በጥላ ታደርቀዋለች፣ በኩበትና በእንጨት ገላጣ ቦታ ላይ ትተኩሰዋለች። አንድ ምጣድ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕውቀት የሴራሚክ መሐንዲስ ዛሬ በላቦራቶሪ የሚማረው ዕውቀት ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት የሚገባው ምርጡ ምጣድ ከቋራ ቤተ እስራኤሎች፣ ከኢትዮጵያ አይሁዶች፣ እጅ የወጣው ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡና ሸማ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ። ሌሎች ሸክላ ሠሪዎችም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፤ እናቴ ግን በዓይኗ ትለየው ነበር። ቤተ እስራኤሎች ሰንበት ያከብራሉና ቅዳሜ ገበያ አይወጡም፤ ስለዚህ ቅዳሜ የሚሸጥ ምጣድ እናቴ አትገዛም።

አመራረጧን ዛሬም እጠቀምበታለሁ። መጀመሪያ ምጣዱን በአንድ እጇ አንጠልጥላ በጣቷ አንጓ ትመታዋለች። ድምፁ ጥርት ብሎ ከዘለቀ ደህና ነው፤ ዝግ ካለ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለበት። ቀጥላ ዳሩን ወደ ዓይኗ አቅንታ መወላገዱን ታያለች። ከዚያ ከዳሩ ትንሽ የተሸረፈ ቦታ ፈልጋ ውስጡን ታያለች፤ መሃሉ ጥቁር ከሆነ እሳቱ ውስጡ ድረስ አልዘለቀም፣ ጥሬ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ከጀርባው ጥቂት ውሃ ታንጠባጥባለች። ውሃውን ወዲያው መጥጦ የሚለሰልስ ምጣድ ክረምቱን አይዘልቅም።

ገዝታም አትጋግርበትም፤ ታሟሸዋለች። ለስላሳ እሳት ላይ ጥዳ የተወቀጠ ጎመን ዘር ትበትንበታለች፤ በጨርቅ ታሻዋለች፤ ዘሩ ሲያርር ጠርጋ ሌላ ትጨምራለች። የዘሩ ዘይት የሸክላውን ቀዳዳ ሞልቶ እየተቃጠለ ይደርቃል፤ ገጹ ጠቁሮ መስተዋት እስኪመስል ትደጋግመዋለች። ዛሬ በውድ የሚሸጠው የማያጣብቅ መጥበሻ በፋብሪካ ቅብ የሚሠራውን ሥራ እናቶቻችን በጎመን ዘር ይሠሩት ነበር። የፋብሪካው ቅብ ሲላጥ መጥበሻው ይጣላል፤ ምጣዱ ግን እንደገና ይሟሻል።

የዚህን ያህል ዕውቀት ባለቤት የሆኑትን ሰዎች ግን ቡዳ አልናቸው። በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት፣ ያልተጠመቀ ርስት አይወርስም ተብሎ እንደታወጀ ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ያድራል፤ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ቀጥሎ ያን የእጅ ሥራ መሳደቢያ አደረግነው። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እያልን ልጆቻችንን ከእነሱ ዓይን እየሸሸግን፣ ጠዋት የሠሩትን ምጣድ ለምሳችን እንጥድ ነበር። ገበያ ላይ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ዋጋ የሚሰበርባቸው እነሱ ነበሩ፤ ተከራክረው መቆየት እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሳስበው እስካሁን ያመኛል።

ከዚያ ሄዱ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች በዚህ በእኛ ቆላና በአርማጭሆ በኩል ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ ወደ ገዳሪፍ ተሻገሩ፤ ብዙዎቹ ኡም ራኩባ በሚባለው ካምፕ ሰፈሩ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት እስከ 4,000 ይደርሳሉ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህሉ ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጡ። የቋራዎቹ ግን ርቀቱ አስቀራቸውና ብዙዎቹ እስራኤል የገቡት በ1991 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ከቋራ የሚመጣው ምጣድ ቆመ።

ስለ መሄዳቸው ሲጻፍ የአውሮፕላኑ ቁጥር ይጻፋል። በእኛ በኩል የሆነው ቀላል ነው፤ ምጣድ መሰንጠቅ ጀመረ። ቦታውን የያዙት ሠሪዎች አንዳንዶቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን ከእናት ወደ ልጅ በዓይንና በእጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ መሃሉ ሲቆረጥ ከጎን ሆኖ ያየ ሰው ሙሉውን አያገኘውም። የትኛው ኮረብታ አፈር ከየትኛው ገል ጋር በምን ያህል እንደሚቀላቀል የጻፈ የለም። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ሥራው ቀጥሏል፤ እዚያም ግን ለእንግዳ የሚሸጡት ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ከምጣድ ይልቅ ገንዘብ ያመጣሉ። በሠሪዎቹ አልፈርድም። ምጣድ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ገዢው ደግሞ አሁንም ዋጋ ይሰብራል።

የሸክላው ክፍተት በሱዳን ዕቃ ተሞላ። የውጭ ዕቃ ቀድሞም ይገባ ነበር፤ ጣሊያንና እንግሊዝ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ገላባት ላይ ከተዋጉ በኋላ የጦር ሠራዊት ዕቃ በየቤቱ ቀርቶ ነበር ሲሉ ሽማግሌዎች ያወራሉ፤ ከሁሉ የከረመው ግን ጀሪካን ነው። ጀርመኖች ለነዳጅ ከብረት የሠሩት ዕቃ በኋላ ፕላስቲክ ሆኖ እንስራን ከሴቶች ጀርባ አወረደው። ለዚህ አላዝንም፤ እንስራ ከባድ ነበር። የኢናሜል ሳህን፣ በራድ፣ የሻይ ብርጭቆና የአሉሚኒየም ድስት ሁሉ የመጣው ከገዳሪፍ በኩል ነው።

ከሱዳን ከመጣው ሁሉ እኔ የማከብረው ዚርን ነው። ሆዱ ሰፊ፣ ታቹ ሾጠጥ ያለ የውሃ ሸክላ ነው፤ በእንጨት ወይም በብረት መቆሚያ ላይ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚያልፍበት በመጋቢትና በሚያዝያ ውሃው ጥርስ ያቀዘቅዛል። ምስጢሩ ማላቡ ነው፤ በሸክላው ቀዳዳ የወጣው ውሃ ሲተን ከውስጥ ያለውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የዚር አመራረጥ ከድስት ተቃራኒ ነው። ድስት ሲያልብ ይመለሳል፤ ዚር ግን ውሃ ሞልተውት ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ውጩ ካልረጠበ አይገዛም። አይሟሽም፣ ዘይት አይነካውም። ላቡ የቆመበትን ዚር ውጩን በሻካራ ነገር ማሸት ነው፤ ከውሃው የቀረው ጨው ቀዳዳውን ይደፍነዋልና። ፍሪጅ ያለው ቤት ሁሉ ዚሩን ጥሏል፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ጎረቤት ሄደው ከዚር ይጠጣሉ።

የአሉሚኒየም ድስት ላይ ጥብቅ ነኝ። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይግላል፣ ርካሽ ነው፤ ለዚህ ይወደዳል። ከተለያየ ቁርጥራጭ፣ ከአሮጌ ሞተርና ከቆርቆሮ ቀልጦ በእጅ የሚፈስሰው ግን ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩም አያውቅም፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ እርሳስ ደግሞ በዓይን አይታይም፣ በተለይ ልጆችን ይጎዳል። አሲድ ያለው ምግብ ብረቱን ያሟሟዋል። ስለዚህ ለገዢዎቼ የምለው ቲማቲም የበዛበት ወጥ አያድርበት፣ ሎሚ አይጨመቅበት፣ ሊጥ ፈጽሞ አይቦካበት። ለሽሮና ለዶሮ አቅም ያለው የማይዝግ ብረት ይግዛ፤ ታቹ ወፍራም የሆነውን። ስስ ታች ያለው ሽሮ ያሳርራል።

መብራት ሲመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ። ወደ ገዳሪፍ ኃይል የሚወስደው 230 ኪሎ ቮልት መስመር በሸኸዲ፣ አሁን ገንዳ ውሃ በምንላት ከተማ በኩል ያልፋል፤ ከሥሩ ያሉ ብዙ መንደሮች ግን ዛሬም በጉልቻ ነው የሚያበስሉት። ለእነሱ ምርጥ የሚባለው በሲሚንቶና በቀይ አሸዋ መሰል ቀላል ድንጋይ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። የዕጣን ዛፍ በሚመነጠርበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጡ ያው ሸክላ ነው። ከሥሩ በተቦረቦረው ዙሪያ ሬዚስታንስ ሽቦ ተቀብሮ ይጋግራል። 3,500 ዋት ያለው በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ችግሩ በቆላችን ማታ ማታ 220 አይደርስም። ቮልቱ 180 ሲሆን የምጣዱ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ በዚያ ጉልበት እንጀራ ዓይን አያወጣም። ስንቷ ሴት ሊጧን፣ እርሾዋን፣ እጇን ስትረግም ኖራለች፤ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። አንድ ሱቅ የሸጠልኝ ምጣድ መሰኪያው ቀልጦ ቤታችንን ሊያቃጥል ነበር፤ ገመዱ ለ16 አምፔር የማይበቃ ቀጭን ነበርና። ከዚያ ወዲህ ምጣድ ስረከብ ገመዱን ቀድሜ አያለሁ፤ ውስጡ ያለው መዳብ ወፍራም መሆኑን፣ ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ከቆርቆሮው አካል ጋር መያያዙን። ባዶ እግሯን እርጥብ ወለል ላይ ቆማ የምትጋግር ሴት ሕይወቷ በዚያ ሽቦ ላይ ነው።

ሸክላውን የምፈትነው በእናቴ መንገድ፣ ሽቦውን በራሴ መንገድ ነው። ምጣዱን ሰክቼ ሲሞቅ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ገጹን አብሰዋለሁ። እርጥበቱ ከዳር እስከ መሃል እኩል ከደረቀ ሽቦው እኩል ተቀብሯል፤ አንድ በኩል እርጥብ ሆኖ ከቆየ ያ ቦታ ሁልጊዜ ጥሬ እንጀራ ያወጣል፣ እመልሰዋለሁ። ሻጮች አይወዱኝም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ገባ፤ ኩመርና አውላላ ላይ ካምፕ ተሠራ። ከገዳሪፍ ይመጣ የነበረው ዕቃ ሲሳሳ ሳጅ ፈላጊዋ በዛች። ብዙዎቹ ከቤታቸው ምጣድ ይዘው አልወጡም። የእኛ በያጆች ከበርሜል እየቆረጡ ይሠሩላቸው ጀመር። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የምናገረው ነገር አለ፤ በርሜሉ የምን እንደነበር ሳይጠየቅ አይቆረጥ። በሰሊጥና በጥጥ እርሻችን የተባይ መድኃኒት በርሜል ሞልቷል፤ ያን አቃጥለህ ብታጸዳውም ለምግብ አይሆንም። የምግብ ዘይት በርሜል ፈልጎ፣ ቀለሙ እስኪላጥ ድረስ ደጅ አቃጥሎ፣ በአሸዋ ፍቆ መሥራት ይቻላል፤ የሚሠሩም አሉ።

ለሸክላው ደግሞ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። ከጭልጋም ሆነ ከወለቃ በኩል እኔ ሱቅ የሚገባ ምጣድ ሁሉ ሳይተኮስ በፊት ከጀርባው የሠራችው ሴት ስም በሚስማር ይጫራል። መጀመሪያ እምቢ አሉኝ፤ ስማቸው ከሸክላ ጋር መነሣቱ ስድብ ሆኖ ኖሯልና አልፈርድባቸውም። አንዷ ደፍራ ጻፈች። ገዢዎች ምጣዷን እያንኳኩ ለዩትና በስሟ ማዘዝ ጀመሩ፤ እኔም «ስንት ልክፈልሽ?» ከማለቴ በፊት ዋጋዋን ራሷ ቆርጣ ትልክልኛለች፤ አልከራከራትም።